የጥቁሩ ቀሚስ ትርፍ

ከአምባ ጊዮርጊስ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው የተገናኘነው። የገበያ ቀን ስለነበር ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራታችንን አስቀምጦ፣ «ጠጋ፣ ጠጋ በሉ! ለብቻ የሚተኛው መቃብር ነው!» እያለ ይጠቀጥቀናል። አጠገቤ የደረሰችው ደልደል ያለች፣ ፊቷ ክብ፣ ነጠላዋን አጥብቃ የተከናነበች ሴት ነበረች። ጭኗ ላይ ባቀፈችው ፌስታል ውስጥ ነጭ መነን ተጠቅልሏል፤ ከላዩ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ክሮች ይታያሉ። ታኅሣሥ ነው፣ ጥምቀት ደርሷል፤ በዚህ ሰሞን ነጭ ጨርቅ የያዘን ሰው ማንም ልብ ብሎ አያይም።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ሾፌሩ በግ ለማሳለፍ ድንገት ፍሬን ያዘ። ከሴትዮዋ መዳፍ አንድ ነገር አመለጠና ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ። ጥቁር ክር ነው። ፌስታሉ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ያልገባ፣ ለብቻው በእጅ ተጨብጦ የቆየ ጥቁር ክር። አነሳሁትና፣ ወጉም እንዲያ ነውና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ፤ ማን ሞተብሽ?» አልኳት።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሐዘኗን የቀሰቀስኩባት መስሎኝ ተጸጸትኩ። ለካስ እየሳቀች ነው። ነጠላውን ስትገልጠው ግን ዓይኗ እንባ አቅሯል፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ኧረ ማንም አልሞተብኝ!» አለች። «እሱ ነው እኮ እንዲህ የሚያሳፍረኝ። ቅድም ባለ ሱቁም ‹ነፍስ ይማር› አለኝ። የማንን ነፍስ? ሴትዮዋ ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል!»

ክሩን ተቀብላ እንደገና መዳፏ ውስጥ ደበቀችው። ከዚያ ወዲያ እኔ ብዙም አልጠየቅኋት፤ እሷም ብዙ መለመን አላስፈለጋትም። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፣ ወሬ አያቋርጥም።

ሐመልማል ትባላለች። ተወልዳ ያደገችው አምባራስ፣ ደጋው ላይ ነው። ለትምህርት ደባርቅ ወርዳ ቤት የተከራየችበት ሰው ልብስ ሰፊ ነበርና ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ እጁን ስታይ፣ ስታይ፣ ሙያው ሳይነግሯት ገባት። አባቷም ይህን አይተው ኖሮ ሲድሯት በሬና ላም ማጫ አልሰጧትም፤ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ሰጧት። «ከብት ይሞታል፤ ይቺ አትሞትም» አሉ። ሠርገኛው፣ «ሙሽሪት በሬ ቢሏት ብረት ይዛ መጣች» እያለ ሲስቅባት ዋለ። ባሏ ፀጋው ሳንቃ በር ላይ የሚጠብቅ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት ነው፤ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ሰነባብቶ ይመለሳል። ቤቱ የእናቱ የእማማ የሺወርቅ ነው። እማማ የሺወርቅ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸውን ቀብረው የቆዩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። የማይቆጥቡት አንድ ነገር ቢኖር የጥምቀት ቀሚስ ነው።

ሐመልማልም እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ የቤቱን ሰው ልብስ ሁሉ በእጇ አደረገች። ነሐሴ ሲገባ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰውን ሁሉ ከፍልሰታ ጾም ጋር ቤት ሲያውለው፣ እሷ የመጪውን ዓመት ልብስ ታስባለች። ይሄ ለመስቀል፣ ያ ለጥምቀት፣ ያኛው ለፋሲካ። ለክረምቱ ደግሞ ከሰልባጅ ተራ የመጣ የፈረንጅ ካፖርት ይተረተርና፣ በአንዱ ለባል ኮት፣ በትርፍራፊው ለልጅ ሰደርያ ይወጣዋል። የደባርቅ ብርድ እንደሁ ቀልድ አያውቅም።

ወረቀት ላይ አትጽፍም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሲባጎ አላት፤ የትከሻው ስፋት፣ የወገቡ ዙሪያ፣ ቁመቱ በየቋጠሮው ይታወቃል። ሰው ሲወፍር ቋጠሮው ተፈትቶ ፈቀቅ ይላል፤ ሲከሳ ይጠጋል። ሲባጎዎቹን «ልክ» ይሏቸዋል፤ የፀጋው ልክ፣ የልጅቷ የእስከዳር ልክ፣ የእማማ ልክ። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ጎን ለጎን ይንጠለጠላሉ፤ የማን የማን እንደሆኑ ጫፋቸው ላይ በታሰረው የቀለም ክር ይለያሉ። የእማማ የሺወርቅ ቀይ ነበር። ተሰፍቶ ያለቀው ልብስ በየበዓሉ ተራ በቆርቆሮ ሳጥን ይደረደራል። የሰፈሩ ሴቶች፣ «የሐመልማል ሳጥን ባሕረ ሐሳብ ተምሯል» ይላሉ። ይህን ሲሏት ደስ ይላታል። ሳይዘጋጁ ቀን ሲደርስ ምን እንደሚመስል ታውቀዋለችና።

ያን ያወቀችው በአባቷ ሞት ነው። ገና አዲስ ሙሽራ እያለች አንድ የአምባራስ በቅሎ ነጂ መርዶውን ይዞ ደረሰ። የዚያን ዕለት የለበሰችው እንደ አበባ የፈካ ቀይ ቀሚስ ነው። ጥቁር የሚባል ነገር በሳጥኗ የለም፤ ማን ሙሽራ ጥቁር ያስቀምጣል? የፀጋው ታላቅ እህት ደብሪቱ ከዳባት መጥታ እዚያው ነበረች። ደብሪቱ ክፉ አይደለችም፤ ዓይኗ ግን መርፌ ነው፣ አፏም ክር አያጣም። የራሷን ጥቁር ቀሚስ አውጥታ አለበሰቻት፤ አብራትም ወጣች።

አምባራስ ደርሰው፣ ለቀስተኛው ባያት ጊዜ ዋይታው እንደ አዲስ ሲቀጣጠል፣ ሐመልማል «አባዬ!» ብላ መሬት ላይ ልትወድቅ ስትል ደብሪቱ ክንዷን ለቀም አደረገቻት። በጆሮዋ የነገረቻት መስሏታል፤ ሰው ሁሉ ግን ሰማ።

«ደረትሽን ምቺ፣ ፊትሽን ንጪ፤ ጉልበትሽን ግን አደራ! ቀሚሱ አዲስ ነው።»

አልቃሿ የያዘችው ግጥም ጠፋት። ከወዲያ ጥግ አንዱ በጋቢው ውስጥ ፍርስ ብሎ ሳቀ። ሐመልማል አባቷን ቆማ አለቀሰች። የስፌት መኪና የሰጧትን አባቷን በሰው ቀሚስ፣ ለሰው ቀሚስ እየተጠነቀቀች፣ ቆማ። ስትመለስ ሳንቃ በር ላይ ባሏ ሊያጽናናት ቢመጣ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሁለተኛ በውሰት አላለቅስም።»

ዓመታት አለፉ። እስከዳር ተወለደች፣ ፊደልም ጀመረች። በዚያ ክረምት እማማ የሺወርቅ ታመሙ። ሳንባቸውን ነው፤ ሲተነፍሱ እንደ ወናፍ ያፏጫል። ምግብ እምቢ አሉ፤ ቀጥሎ ቃልም እምቢ አላቸው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ገብርኤል መጥተው አቆረቧቸው፤ ሲወጡም ደጃፍ ላይ ሐመልማልን፣ «እንግዲህ በርቺ ልጄ» አሏት። ካህን «በርቺ» ሲል ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ደብሪቱ ከዳባት ገስግሳ መጣች፤ እናቷን አይታ አልቅሳ፣ አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ ጓዳ ገባችና፣

«አንቺ፣ ዘንድሮ የማውስሽ የለኝም፤ የራሴን ራሴው ነኝ የምለብሰው» አለቻት።

ይህን ብላ ሰው ለመጥራት ሄደች። ለሐመልማል የአምባራሱ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም ነበር። መንገዱ በጭቃ ተዘግቷል፣ ሰፊዎቹ የአዲስ ዓመት ልብስ ተደራርቦባቸዋል። እማማ ቢያርፉ፣ በሦስተኛው ቀን ባሏንና ልጇን ይዛ እዚህ ደጃፍ ላይ ስትቆም ሰው ምን ሊላት ነው? «ለበዓል ታውቅበታለች፤ ለባሏ እናት ግን ሳትዘጋጅ ቀረች» ሊላት ነው። ገበያ ወጥታ ጥቁር ገበርዲን ገዝታ ገባች። ሰሌን ጋርዳ፣ ከሰሌኑ ወዲያ እማማ ተኝተው እያፏጩ፣ ከሰሌኑ ወዲህ እሷ መኪናዋን እያዞረች ለራሷ ቀሚስ፣ ለፀጋው ሸሚዝ፣ ለእስከዳር ጉርድ ሰፋች። ለራሷ ቀሚስ በየጎኑ ሰፊ ሰፊ ትርፍ ወደ ውስጥ አጠፈችለት። የሐዘን ልብስ የዕድሜ ልክ ነው፤ ሰው ደግሞ ይወፍራል።

የጥምቀቱን ነጭም በዚያው ቆረጠች። ለሦስት ሰው ቆረጠች።

ሰፍታ ስትጨርስ ጥቁሩን አጣጥፋ የምታስርበት ነገር ፈለገችና እጇን ወደ ሚስማሩ ሰደደች። አላሰበችበትም ትላለች፤ እጇ ነው ያሰበው። ቀይ ጫፍ ያለውን ሲባጎ አውርዳ ጥቁሩን በእሱ ጠፈረችው። ሳጥኑ ሥር ከተተችው።

እማማ የሺወርቅ ዳኑ።

መጀመሪያ አጥሚት ጠየቁ። ቀጥሎ ፀሐይ። ለመስቀል በምርኩዝ ደጅ ወጥተው ደመራው ሲወድቅ አዩ። ሰው ሁሉ «ተአምር ነው!» ሲል ሐመልማልም እልል አለች፤ እልልታዋ የእውነት ነው፣ ትወዳቸው ነበርና። ጥቁሩን ግን የት ታድርገው? ለሌላ ሰው ብትሰጥ ወሬ ነው፤ ብታቃጥል ጭሱ ወሬ ነው። ዛሬ ነገ ስትል ታኅሣሥ ገባ።

አንድ ቀን ከወፍጮ ስትመለስ እማማ የሺወርቅ መደቡ ላይ፣ ከተከፈተው ሳጥን አጠገብ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የጥምቀት ቀሚሳቸውን ሊያዩ ነው የከፈቱት። ጭናቸው ላይ ግን ጥቁሩ ነበር።

«ግቢ ልጄ፤ ዱቄቱን አውርጂ» አሉ።

ዱቄቱን አወረደች። እሷ ግን እዚያው ተተከለች።

እሳቸው ሸሚዙን ብድግ አደረጉ። «ይሄ የፀጋው።» ጉርዷን አነሱ። «ይቺ የእስከዳር።» ቀሚሱን ዘርግተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት፤ ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት። «ይሄ የአንቺ። ስፌቱ ሸጋ ነው።»

«እማማ...»

«ለሁሉም አለ። የእኔ ብቻ የለም።»

ሐመልማል ነጠላዋ ላይ የቀረውን ዱቄት ማራገፍ ጀመረች።

«ነጩንም አየሁት» አሉ እማማ፤ ድምፃቸው አልከረረም፣ ከፍም አላለም። «እዚያም የለሁም። ልኬን ግን አገኘሁት።» ቀይ ጫፍ ያለውን ሲባጎ በሁለት ጣታቸው አንጠለጠሉት። ቋጠሮዎቹ በአየር ላይ ዞሩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከማልቀስም ከመንበርከክም የቀደመው እጇ ነበር፤ መቀሱን አንስታ ቀሚሱን ልትቀድ ተወረወረች። እማማ በዚያ በከሳ እጃቸው አንጓዋን ያዟት።

«አስቀምጪ! ‹ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ› የሚል ሰው ሲሰፋ ጣቱ ያልደማ ነው። ጥሩ ስፌት አይበጣጠስም።» መቀሱን ከእጇ ወሰዱ። «ተኝቼ መኪናው ሲንኳኳ እሰማ ነበር፣ ታውቂያለሽ? መናገር አቅቶኝ ነው እንጂ ጆሮዬ ነበረ። የጥምቀቴን ቀሚስ የምትሰፊ መስሎኝ፣ ‹ልጄ ተስፋ አልቆረጠችብኝም› አልኩ። መኪናው ሲዞር ልቤ ይበረታል፤ ሲቆም፣ ‹አይ፣ ክር ልትቀጥል ነው› እያልኩ እጠብቃለሁ።»

ሐመልማል እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ» የሚለው ቃል ግን አልወጣላትም። እሳቸውም እስኪወጣ አልጠበቁም። ሲባጎውን ሰጧት።

«መልሰሽ ስቀይው።»

ሰቀለችው። እማማ ጥቁሩን ቀሚስ አጣጥፈው ወደ ራሳቸው ሳጥን ሄዱ። አሮጌ የእንጨት ሳጥን ነው፤ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይውላል። ሲከፍቱት ሐመልማል ያየችው አንድ ነጭ ጥቅል ብቻ ነው። መግነዛቸው ነው፤ ባላቸው በሞቱ ማግስት ራሳቸው ያዘጋጁት። ጥቁሩን ከመግነዙ ጎን አስቀመጡት።

«የአንድ ቀን ልብስ ናቸው፤ አብረው ይቀመጡ። ቀኑ ሲደርስ ቁልፉን ከአንገቴ ትፈቺዋለሽ» ብለው ቆለፉ። «አሁን ልኪኝ፤ ከስቻለሁ።»

ለዚያ ዓመት ጥምቀት የእማማን ነጭ ቀሚስ ሐመልማል እንቅልፍ አጥታ አደረሰችው። ጥልፉን አንገቱ ላይ አበዛችው፤ በጥልፍ የሚመለስ ነገር ይመስል። የእስከዳርን ጥቁር ጉርድ ለኮት ገበር አደረገችው። በሸሚዙ ግን ተቀደመች፤ ለገና ፀጋው ሲመጣ እናቱ፣ «እንካ፣ ሚስትህ የሰፋችልህ ነው» ብለው በእጃቸው ሰጡት። ፀጋው ምን ያውቃል! ደስ አለው። እንዲያውም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የወደደው ሸሚዝ እሱ ነበር። ወደ ሳንቃ በር ሲወጣ እሱን፣ ሲወርድ እሱን። በለበሰው ቁጥር ሚስቱ ዓይኗን የምታሳርፍበት ታጣለች።

የጥምቀት ለት፣ ታቦት ሸኝተው ሲመለሱ፣ ደብሪቱ ከፀጋው ጋቢ ሥር ብቅ ያለውን ጥቁር አየችዋ!

«አንተ! ማን ሞቶብህ ነው በጥምቀት ጥቁር የለበስከው?»

«ሐመልማል ናት የሰፋችልኝ። ምን አለበት?» አለ ፀጋው አንገትጌውን እያስተካከለ።

ደብሪቱ ወደ ሐመልማል ዞረች። «መቼ ነው የሰፋሽው? ክረምት ገበያ ላይ ገበርዲን ስትገዛ አየኋት ያለችኝ ሰው ነበረች፤ ዋሸች ብዬ...»

ሐመልማል የያዘችው ጠርሙስ በእጇ ላይ ከበዳት። አለቀ፤ አሁን ሁሉ ነገር ሊወጣ ነው፤ ባሏ ሊሰማ፣ ሰፈር ሊሰማ። ከመደቡ ላይ የእማማ የሺወርቅ ድምፅ መጣ።

«ዱር ለሚውል ሰው ጥቁር እድፍ ይችላል። ይልቅ አንቺ የሰው ልብስ ስትፈትሺ ደረትሽ ላይ ያለው ቁልፍ አምልጦሻል።»

ደብሪቱ ደንግጣ ደረቷን ያዘች። ሰው ሁሉ ሳቀ። የአምባራሱ ሳቅ ተራውን ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ሐመልማል ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም። ደብሪቱም ሳቁን ለማብረድ የእናቷን አዲስ ቀሚስ ይዛ፣ «እንደው ይሄን ጥልፍ! ሐመልማል ባትኖር እማዬን ማን ያለብሳት ነበር?» ስትል እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እውነትሽን ነው። ልጄ ቀን ታውቃለች» አሉ።

ከዚያ ቃል ይልቅ ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የእማማን አዲስ ነጭ ቀሚስ አልብሳ ስትለካቸው፣ እሳቸው ነጩን እንደለበሱ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱ።

«እኔ ነጩን፣ አንቺ ጥቁሩን» አሉ። «ልበሺው እስቲ።»

«እማማ፣ ስለ እግዚአብሔር...»

«ልበሺው። በለቅሶዬ ጠቦሽ ብትቆሚ እኔ ነኝ የማፍረው። ‹ምራቷን እህል ብቻ ነው እንዴ ያበላቻት› ሊሉኝ ነው?»

ለበሰችው። በቁም ያለ ሰው ፊት፣ በዚያው ሰው የሐዘን ልብስ ቆመች። እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው፣ እንደ ገበያ ዕቃ አዩዋት። ሐመልማል ያን ጊዜ ያልወጣላትን ቃል ልታወጣው አፏን ከፈተች። «እማማ፣ ያን ጊዜ እኮ እኔ...»

«ዙሪ» አሉ።

ዞረች። ጀርባዋን ሰጥታ ምን ትናገራለች?

«ብብትሽ ሥር ይስባል። ትንሽ አስፊው።»

እዚያው ፊታቸው ቁጭ ብላ ጎኑን ተርትራ፣ ካስቀረችው ትርፍ አንድ ጣት ለቃ ሰፋችው። አጣጥፈው ቆለፉበት።

በሚቀጥለው ዓመት እንደዚያው። በሚቀጥለውም። ጥምቀት በመጣ ቁጥር የእማማ ቋጠሮ እየተጠጋ ነጩ ይጠባል፤ የሐመልማል ገላ እየሞላ ጥቁሩ ይሰፋል። እሷ «እማማ» ስትል እሳቸው «ዙሪ» ይላሉ። መቅጣታቸው ይሁን ይቅር ማለታቸው ሊገባት አልቻለም። በሌላው ነገር እናቷ ናቸው፤ እስከዳርን ስትወልድ ያጠቧት፣ ስትታመም ያስታመሟት እሳቸው፤ የነገሩን ጫፍ ለልጃቸውም ለደብሪቱም አልተነፈሱም። ለብቻቸው ይዘውታል። ያ ነው የባሰው። ሰው ቢያወራባት ኖሮ ወሬው አርጅቶ ያልቅ ነበር።

«‹ስፊ› ቢሉኝ እኮ እድሜ ልኬን በሰፋሁ» አለችኝ፤ ሚኒባሱ ዳባትን አልፎ ነበር። «እሳቸው ግን ‹አስፊ› ነው የሚሉኝ።»

አምና የመጨረሻዋን ጣት ለቀቀች። ትርፉ አለቀ፤ መርፌው አሁን የሚሄደው ጠርዙ ላይ ነው። ዘንድሮ ደግሞ፣ ራሷ እንደምትለው፣ እንደ ሊጥ ኩፍ ብላለች። ጎንና ጎኑ ላይ ጣልቃ የሚገባ ጥቁር ጨርቅ ካልተጨመረ ቀሚሱ ትከሻዋን አያልፍም። ደባርቅ እንዳትገዛ ባለ ሱቆቹ ሁሉ ያውቋታል፤ ጥቁር ነካ ብታደርግ፣ «እማማ ደከሙ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ቀድሟት ቤት ይገባል። ለዚህ ነው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ የወረደችው።

ባለ ሱቁ ጥቁሩን ጥቅል አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። እጇን አስቀመጠችበት። ያው ገበርዲን ነው፣ ያው ክብደት።

«ነፍስ ይማር እትዬ። ስንት ሜትር ልቁረጥ?» አላት።

መቀሱን ከፍቶ ይጠብቃታል። የመጀመሪያውን ደንግጬ ነው፣ ካህኑም ተስፋ ቆርጠው ነበር ትላለች፤ ለእግዚአብሔርም ለሰውም የምትለው አላት። ሁለተኛውን ግን ጤነኛ ሰው ምርኩዙን ይዞ ቅዳሴ ደርሶ እየተመለሰ፣ አውቃ፣ መርጣ፣ አስቆርጣ ብትገዛ ምን ልትባል ነው? እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች።

«ነጩን ነው የፈለግሁት» አለች። መነኑን አስቆረጠች፣ የጥልፍ ክሮቹን መረጠች፤ ልትወጣ ስትል ባዶ እጇን መሄድ አልሆንላት ብሎ አንድ ጥቁር ክር ጨመረች። ክሩ ምን ሊሠራላት እንደሆነ አታውቅም። ጨርቅ የሌለው ክር ምን ይሰፋል?

ደባርቅ መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ ወርዶ በሩን ከፈተ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ፊት ለፊት ተቀበለን። ሐመልማል ፌስታሏን ብብቷ ሥር አስገብታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መሄጃዋ ላይ ቆመች። ዝም ብዬ ልለያት አልሆነልኝም።

«እማማን እግዜር ያቆይልሽ» አልኳት።

«አሜን፣ አሜን። ያቆይልኝ።»

«ታዲያ ዘንድሮ ሳጥኑን ሲከፍቱ ምን ልትያቸው ነው?»

መዳፏን ከፍታ ጥቁሩን ክር አየችው። መልሳ ጨበጠችው።

«‹ትርፉ አልቋል እማማ› እላቸዋለሁ» አለች። «‹ዙሪ› ካሉኝም፣ ዘንድሮ አልዞርም።»